የድድ በሽታ በጥናት ውስጥ፦ ታማሚው የሚለየው በስንት ሚሊሜትር ነው?

አንድ ሰው በዓይነ ሕሊናችን እናስብ። ድዱ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። ሆኖም እርስ በርስ በማይጎራበቱ ሁለት ጥርሶቹ ላይ፣ ከሌላ ጥርስ ጋር በሚዋሰኑበት ጎን፣ ጥርሱን ከዙሪያው አጥንት ጋር የሚያይዘው ሕብረ ሕዋስ ከነበረበት ቦታ 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ሥሩ ጫፍ ሸሽቷል። በድዱና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት በየትኛውም ቦታ ከ3 ሚሊሜትር አይበልጥም። ይህ ሰው ጥርስ ደጋፊውን አካል የሚያጠፋው የድድ በሽታ አለበት ወይስ የለበትም? እ.ኤ.አ. በ2005 የአውሮፓ ባለሙያዎች ያቀረቡትን መስፈርት የሚከተል ተመራማሪ «አለበት» ብሎ ይመዘግበዋል። በአሜሪካ የሕዝብ ጤና ቅኝቶች የሚሠራበትን መስፈርት የያዘ ሌላ ተመራማሪ «የለበትም» ይላል። በክፍተቱ ጥልቀት ላይ ብቻ የተመሠረተውን የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የሚጠቀም ሦስተኛ ተመራማሪም እንዲሁ «የለበትም» ብሎ ያልፈዋል። ሦስቱም የለኩት ያንኑ አፍ ነው፤ ከሦስቱ አንዳቸውም በሥራቸው አልተሳሳቱም።

ስለ ድድ በሽታ የሚወጡ ቁጥሮች ለምን እንዲህ እንደሚራራቁ ለመረዳት የሚያስፈልገው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የአጥንት ስብራት አለ ወይም የለም። የድድ በሽታ ግን በዚህ ረገድ ከደም ግፊት ጋር ይቀራረባል፦ ልኬቱ ከትንሽ ወደ ትልቅ ያለማቋረጥ የሚያድግ ሲሆን፣ «ከዚህ በላይ ታማሚ፣ ከዚህ በታች ጤነኛ» የሚለውን መስመር የሚያሰምሩት ሰዎች ናቸው። መስመሩ የት ላይ እንደተሰመረ ሳይነግረን የሚቀርብ የስርጭት መጠን፣ በእኔ ግምት፣ የመለኪያ አሃድ እንደሌለው ክብደት ነው።

በቅድሚያ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንለይ። በተለመደው አነጋገር የድድ በሽታ የሚባለው ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎችን ያቅፋል። የመጀመሪያው ጂንጂቫይተስ የሚባለው የድድ ብግነት ነው፤ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ በቀላሉ ይደማል፣ ነገር ግን ጥርሱን የሚይዘው መዋቅር አልተነካም። ሁለተኛው ፔሪዮዶንታይተስ ሲሆን፣ በዚህኛው ብግነቱ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የሚያስተሳስሩትን ክሮችና ራሱን አጥንቱን ያጠፋል። የመጀመሪያው ሊመለስ የሚችል ነው፤ ሁለተኛው ያጠፋው ነገር ግን በአብዛኛው እንደጠፋ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሁኔታ ሊመለስ እንደሚችል በግልጽ ያሳየው ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ሙከራ ነው። 12 ጤናማ ድድ ያላቸው ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ፤ በ10 እና በ21 ቀናት መካከል ሁሉም የድድ ብግነት ያዛቸው፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ድዳቸው ወደ ነበረበት ተመለሰ። የባክቴሪያ ንጣፍ፣ ማለትም ፕላክ፣ የብግነቱ መንስኤ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ይሁን እንጂ ያው ሎ እና ሌሎች ተመራማሪዎች በስሪ ላንካ 480 የሻይ ተክል ሠራተኞችን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለ15 ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን አወሳሰበው። ሠራተኞቹ ጥርስ የማጽዳት ልማድ ያልነበራቸው፣ የጥርስ ሕክምናም ያላገኙ ሲሆኑ፣ ፕላክና የድድ ብግነት በሁሉም ላይ ነበር። ሆኖም 8 በመቶዎቹ ጥርስ ደጋፊ አካላቸውን በፍጥነት ሲያጡ፣ 81 በመቶዎቹ በመካከለኛ ፍጥነት አጡ፣ 11 በመቶዎቹ ደግሞ ከድድ ብግነት አላለፉም። ከዚህ የምንረዳው፣ ብግነትን መለካት ጥፋትን እንደ መለካት አለመሆኑን ነው። አንድ ጥናት «የድድ በሽታ» ሲል ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ካልገለጸ፣ አንባቢው ገና ከመጀመሪያው መንገድ ይስታል።

ወደ መለኪያው እንለፍ። ዋናው መሣሪያ ፕሮብ የሚባል፣ ጫፉ ዱልዱም የሆነ፣ በላዩ ላይ የሚሊሜትር ምልክቶች የተቀረጹበት ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። መርማሪው ዘንጉን በድዱና በጥርሱ መካከል ቀስ አድርጎ ያስገባና መቋቋም ሲያጋጥመው ቆሞ ያነባል። ከድዱ ጠርዝ እስከ ክፍተቱ ወለል ያለው ርቀት የኪስ ጥልቀት ይባላል። በጤናማ ድድ ይህ እስከ 3 ሚሊሜትር ይደርሳል። ነገር ግን የድዱ ጠርዝ ራሱ ቋሚ ነጥብ አይደለም፤ ሲያብጥ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሲሸሽ ይወርዳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሁለተኛ ልኬት ይወስዳሉ፦ የጥርሱ አክሊል ልባስ፣ ማለትም ኢናሜሉ፣ ከሥሩ ጋር ከሚገናኝበት መስመር እስከ ክፍተቱ ወለል ያለውን ርቀት። ይህ መስመር በጥርሱ ላይ የተቀረጸ በመሆኑ አይንቀሳቀስም፤ ከእርሱ ተነሥቶ የሚለካው ርቀት ጥርሱ በሕይወት ዘመኑ ምን ያህል ድጋፍ እንዳጣ ይነግረናል። የቁርኝት መጥፋት የሚባለው ይህ ነው።

በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ቴክኒካዊ ዝርዝር ሊመስል ይችላል፤ ግን የብዙው ውዝግብ ሥር እዚሁ ላይ ነው። ድዱ 4 ሚሊሜትር የሸሸበትና 2 ሚሊሜትር ኪስ ያለው ጥርስ 6 ሚሊሜትር ቁርኝት አጥቷል፤ ኪሱን ብቻ የሚያይ መርማሪ ግን ጤነኛ ይለዋል። በአንጻሩ ድዱ ባበጠበት ወጣት ላይ 5 ሚሊሜትር ኪስ ተለክቶ አንድም ሚሊሜትር ቁርኝት ያልጠፋ ሊሆን ይችላል። የኪስ ጥልቀት ይበልጥ የሚናገረው ስለ አሁኑ ሁኔታ ነው፤ የቁርኝት መጥፋት ደግሞ ያለፈውን ታሪክ ጭምር ይዞ ይመጣል። ሕመሙ ከ20 ዓመት በፊት ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ጠባሳው ግን ይቆጠራል።

ልኬቱ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ በስድስት ቦታዎች ይወሰዳል፤ ሦስቱ በከንፈርና በጉንጭ በኩል፣ ሦስቱ በምላስ ወይም በላንቃ በኩል። በመጨረሻ የሚበቅሉት አራቱ የመንጋጋ ጥርሶች ብዙውን ጊዜ ከቁጥር ስለሚወጡ፣ ጥርሱ ያልጎደለ አዋቂ 28 ጥርሶች፣ ማለትም 168 የመለኪያ ቦታዎች ይኖሩታል። በእያንዳንዱ ቦታ ኪሱ፣ የድዱ ጠርዝ አቀማመጥና መድማቱ ይመዘገባል። ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው በጥንቃቄ መሥራት ብዙ ደቂቃዎችን ይወስዳል፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ሲሆን ደግሞ ምን ያህል ድካምና ወጪ እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

ዘንጉም ቢሆን የሚመስለውን ያህል ታማኝ አይደለም። መርማሪው በስንት ጉልበት ገፋው? የሚመከረው ከ20 እስከ 25 ግራም የሚሆን ቀላል ግፊት ነው፤ እጅ ግን ሚዛን አይደለም። ከዚህም በላይ ድዱ ሲቆጣ ሕብረ ሕዋሱ ስለሚላላ የዘንጉ ጫፍ ከትክክለኛው ወለል አልፎ ይገባል፤ ብግነቱ ሲድን ያው ዘንግ በዚያው ግፊት ቀድሞ ይቆማል። በዚህም ምክንያት ከሕክምና በኋላ «ኪሱ በ1 ሚሊሜትር ቀነሰ» ሲባል፣ ከፊሉ ድዱ በመጠንከሩና እብጠቱ በመቀነሱ የመጣ እንጂ የጠፋው ቁርኝት ተመልሶ እንዳልሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። በጥርሶች መካከል የተደበቀውን የኢናሜል መስመር በስሜት ብቻ ማግኘት ሌላ ችግር ነው፤ በላዩ ላይ የደነደነ ድንጋይ መሰል ቆሻሻ ከተጋገረ መስመሩ ጨርሶ ይሰወራል። ግፊታቸው ቋሚ የሆኑ ኤሌክትሮኒክ ዘንጎች ተሠርተዋል፤ ሆኖም አብዛኛው ጥናት አሁንም በተራው የእጅ ዘንግ ይካሄዳል።

ስለዚህ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት መርማሪዎች አንድ ዓይነት እጅና ዓይን እንዲኖራቸው ይለማመዳሉ። ልምድ ያለው አንድ መርማሪ እንደ ማጣቀሻ ይወሰድና ሌሎቹ የእርሱን ታካሚዎች ደግመው ይለካሉ፤ እያንዳንዱም ያንኑ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ በመለካት ከራሱ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ይፈተናል። ጥሩ የሚባለው መርማሪ ከሞላ ጎደል በሁሉም ቦታዎች ላይ ከ1 ሚሊሜትር በማይበልጥ ልዩነት ልኬቱን ይደግማል። 1 ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የመለያ መስመሩ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን፣ 1 ሚሊሜትር አንድን ሰው ከጤነኞች መዝገብ ወደ ታማሚዎች መዝገብ ለማዛወር ይበቃል። እኔ አንድን የድድ ጥናት ሳነብ ከውጤቱ በፊት የምፈልገው ስለ መርማሪዎቹ ሥልጠና የተጻፈውን አንቀጽ ነው፤ ይህ አንቀጽ ከሌለ የቀረውን በጥርጣሬ አነባለሁ።

መድማት ሌላው ምልክት ነው። ዘንጉ ከወጣ በኋላ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ደም ከታየ ቦታው «ደማ» ተብሎ ይመዘገባል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት መስፈርት፣ ከተለኩት ቦታዎች ከ10 በመቶ ያነሱት የሚደሙበትን ሰው ድዱ ጤናማ ይለዋል፤ ከ10 እስከ 30 በመቶ ከሆነ የድድ ብግነቱ በተወሰነ ቦታ የተገደበ፣ ከ30 በመቶ በላይ ከሆነ የተስፋፋ ይባላል። መድማት የወደፊቱን ለመተንበይ የሚሰጠው ጥቅም ሚዛኑ የተዛባ ነው። ሳይደማ የሚቆይ ቦታ ቁርኝት ሳያጣ የመቆየቱ ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው፤ የሚደማ ቦታ ግን የግድ ይጠፋል ማለት አይደለም። ኒክላውስ ላንግ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳዩት፣ በአራት ተከታታይ ምርመራዎች ሁሉ የደሙ ቦታዎች እንኳ ቁርኝት የማጣት ዕድላቸው 30 በመቶ ያህል ነበር። በዚህ ላይ ማጨስ የድድን መድማት ስለሚቀንስ፣ አጫሾች ከውስጥ እየተጎዱ ከላይ ጤነኛ ሊመስሉ ይችላሉ። መድማትን ብቻ የለካ ጥናት አጫሾችን በተሳሳተ ጎራ ያስቀምጣቸዋል።

ራጅ የአጥንቱን ቁመት ያሳያል፤ ግን ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው፤ ከአጥንቱ ማዕድን ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው እስኪጠፋ ድረስ ለውጡ በፊልሙ ላይ በግልጽ አይታይም።

አሁን መስመሩን ማን የት እንዳሰመረ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1956 ራስል ያቀረበው መለኪያ እያንዳንዱን ጥርስ 0፣ 1፣ 2፣ 6 ወይም 8 ነጥብ እየሰጠ በአማካይ ያጠቃልል ነበር። ብግነትና ጥፋት በአንድ ሚዛን ላይ መቀመጣቸው፣ ከ2 ወደ 6 የሚዘለው ነጥብም ጥፋትን ሆን ብሎ ማክበዱ ዛሬ ጥሬ አሠራር ይመስላል፤ ነገር ግን መለኪያው ቀላል በመሆኑ በብዙ አገሮች ተሠርቶበታል። ከሦስት ዓመት በኋላ ራምፍዮርድ ከኢናሜሉ መስመር ተነሥቶ መለካትን አስተዋወቀ፤ ሁሉንም ጥርስ በመለካት ፋንታም ስድስት ወካይ ጥርሶችን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የተያያዘው መለኪያ መጣ። ይህ መለኪያ ጫፏ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የምትሆን ትንሽ ኳስ፣ ከ3.5 እስከ 5.5 ሚሊሜትር ባለው ክፍሏ ላይ ጥቁር ቀለበት ያላት ዘንግ ይጠቀማል። መርማሪው ቁጥር እንኳ ማንበብ አያስፈልገውም፤ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ ታየ ወይስ በከፊል ተሸፈነ የሚለውን ብቻ ያያል። መለኪያው የተሠራው ማኅበረሰቡ ምን ያህል ሕክምና እንደሚያስፈልገው ለመገመት እንጂ በሽታውን ለመግለጽ አልነበረም፤ ስሙም፣ «የማኅበረሰብ የድድ ሕክምና ፍላጎት መለኪያ»፣ ይህንኑ ይናገር ነበር። ሆኖም በእጅ ያለ መሣሪያ ላልታሰበለት ሥራ መዋሉ አይቀርምና፣ ለዓመታት የበሽታውን ስርጭት ለመግለጽ ዋለ። በመጀመሪያ ላይ ያየነው ሰው በዚህ መለኪያ ጤነኛ የሆነው ቁርኝት ስለማይጠይቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የአውሮፓው ጉባኤ ቶኔቲና ክላፊ ያዘጋጁትን ባለ ሁለት ደረጃ መስፈርት አቀረበ። የላላው ደረጃ፣ እርስ በርስ በማይጎራበቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጥርሶች ጎን ላይ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ቁርኝት የጠፋበትን ሰው ታማሚ ይላል፤ ጥብቁ ደረጃ ይህ ጥፋት 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ እንዲሆንና ከጥርሶቹ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንዲገኝ ይጠይቃል። የሁለት መስመሮች ሐሳብ ብልኅ ነው፦ ማንንም ላለማሳለፍ የሚፈልግ ሰፊውን መረብ፣ ማንንም በስሕተት ላለመያዝ የሚፈልግ ጠባቡን መረብ ይጥላል።

በአሜሪካ ደግሞ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ከአሜሪካ የፔሪዮዶንቶሎጂ አካዳሚ ጋር ሆኖ ለሕዝብ ቅኝት የሚሆን መስፈርት አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ በ2012 ተሻሽሏል። ይህ መስፈርት ቁርኝትንና ኪስን አብሮ ይመለከታል። ከባድ የሚባለው፣ በተለያዩ ጥርሶች ላይ በሚገኙ ቢያንስ ሁለት የጎን ቦታዎች 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ቁርኝት ጠፍቶ፣ በተጨማሪም ቢያንስ በአንድ የጎን ቦታ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ኪስ ሲገኝ ነው። መካከለኛው በተለያዩ ጥርሶች ላይ 4 ሚሊሜትር ቁርኝት የጠፋባቸው ሁለት ቦታዎችን ወይም 5 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ኪሶችን ይጠይቃል። ቀላሉ እንኳ 3 ሚሊሜትር የቁርኝት መጥፋትን ብቻውን አይቀበልም፤ 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ኪስ እንዲታከልበት ይሻል። የእኛ ሰው ያመለጠው በዚህ በር ነው። መስፈርቱ ከጥርሱ ፊት ለፊት ይልቅ ጎኑን የመረጠበት ምክንያትም አለው፤ በፊት ለፊት በኩል ድድ በጠንካራ መፋቅ ጭምር ይሸሻል፣ ያ ደግሞ የዚህ በሽታ ምልክት አይደለም።

ተመሳሳይ መስፈርት ይዘውም ሁለት ጥናቶች ሊለያዩ የሚችሉበት ሌላ ምክንያት ስንት ቦታ ለኩ የሚለው ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ቅኝት፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1994 በነበረው ዙር፣ መርማሪዎች በዕጣ የተመረጡ ሁለት የአፍ ሩቦችን፣ በእያንዳንዱ ጥርስም ሁለት ቦታ ብቻ ይለኩ ነበር። ይህ ቢበዛ 28 ቦታ፣ ማለትም ከ168ቱ አንድ ስድስተኛ ነው። በሽታው በአፍ ውስጥ እኩል ስለማይበተን፣ ባልታዩት ቦታዎች ላይ ያለው ጥፋት ሳይቆጠር ይቀራል። በ2009 እና በ2010 በተካሄደው ዙር ሁሉም ጥርስ በስድስቱም ቦታ ተለካ፤ ዕድሜያቸው 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አዋቂዎች 47.2 በመቶዎቹ ፔሪዮዶንታይተስ እንዳለባቸው ተዘገበ። ከጠቅላላው አዋቂ ቀላሉ 8.7፣ መካከለኛው 30.0፣ ከባዱ 8.5 በመቶ ነበር። ሁለቱ የአለካክ ዘዴዎች ሲነጻጸሩ የቀድሞው የስርጭቱን መጠን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ያሳንስ እንደነበር ታይቷል። ቁጥሩ ሲያድግ ያየ አንባቢ «በሽታው ተስፋፋ» ሊል ይችላል፤ የተስፋፋው ግን መርማሪው የሚያየው ቦታ ነበር። «ግማሽ ያህሉ አዋቂ ታማሚ ነው» የሚለው አባባልም ከባዱን ሁኔታ ብቻ ብንወስድ ወደ አንድ አሥራ ሁለተኛ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 የአውሮፓና የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት በቺካጎ ተሰብስበው አዲስ አመዳደብ ላይ ተስማሙ፤ ሰነዱ በ2018 ታተመ። ከ1999 ጀምሮ የነበረው «ሥር የሰደደ» እና «ፈጣን» የሚለው ክፍፍል ቀረ፣ ምክንያቱም ሁለቱን በሥነ ሕይወት የሚለይ አስተማማኝ ምልክት ሊገኝ አልቻለም። በምትኩ በሽታው በሁለት አቅጣጫ እንዲገለጽ ተወሰነ። ደረጃው ከአንድ እስከ አራት ሲሆን ምን ያህል እንደጠፋ ይናገራል፤ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር የመጀመሪያው፣ 3 ወይም 4 ሁለተኛው፣ 5ና ከዚያ በላይ ሦስተኛውና አራተኛው ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት የሚለያያቸው በዋናነት በበሽታው ምክንያት የወለቁ ጥርሶች ብዛትና ማኘክን የመሰለ ተግባር መጓደሉ ነው። ሁለተኛው አቅጣጫ ፍጥነትን ይገምታል። የቀድሞ መዝገብ ከሌለ በራጅ የታየው የአጥንት መጥፋት በመቶኛ ለዕድሜ ይካፈላል፤ 50 በመቶ አጥንት ያጣ የ40 ዓመት ሰው 1.25 ያገኛልና ከፈጣኑ ምድብ ይገባል፣ ያንኑ ያህል ያጣ የ70 ዓመት ሰው ደግሞ 0.71 አግኝቶ በመካከለኛው ይቀመጣል። በቀን 10ና ከዚያ በላይ ሲጋራ ማጨስ ወይም በአግባቡ ያልተያዘ የስኳር ሕመም ምድቡን ከፍ ያደርገዋል።

ይህ አመዳደብ አንድን ታካሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ለሚያይ ሐኪም ትልቅ እርዳታ ነው። ለሕዝብ ቅኝት ግን ምቹ ነው ብዬ አላምንም። መነሻ መስፈርቱ እርስ በርስ በማይጎራበቱ ሁለት ጥርሶች ጎን ላይ ሊለይ የሚችል የቁርኝት መጥፋት ነው፤ ይህ ደግሞ ከመለኪያው ስሕተት ብዙም አይርቅም። የ1 ሚሊሜትር መስመር በ1 ሚሊሜትር ሊሳሳት በሚችል እጅ ላይ ሲያርፍ፣ በተለይ በመካከለኛ ዕድሜና ከዚያ በላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ፣ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ታማሚ ይሆናል። የጉባኤው ሰነድም ጥፋቱ በሌላ ምክንያት አለመምጣቱ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፦ በጉዳት የሸሸ ድድ፣ እስከ ጥርሱ አንገት የወረደ መቦርቦር፣ የተሰነጠቀ ሥር፣ ከጥርሱ ነርቭ ተነሥቶ በድዱ በኩል የሚወጣ መግል። እነዚህን አንድ ሐኪም መርምሮ ይለያቸዋል፤ በቅኝት መዝገብ ላይ የሰፈረ ቁጥር ግን ራሱን አይገልጽም።

የመስመሩ ቦታ ስርጭትን ብቻ ሳይሆን የምክንያትና የውጤት ጥናቶችንም ይወስናል። የእናቶች የድድ በሽታ ያለጊዜው ከመውለድ ጋር ይያያዝ እንደሆነ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሲያከራክር ቆይቷል። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ከ1,000 በላይ የነፍሰ ጡሮችን መረጃ ወስዶ በቀደሙ ጥናቶች የተሠራባቸውን 14 መስፈርቶች አንድ በአንድ ሞከረባቸው። ሴቶቹ እነዚያው፣ ልኬቱ ያው፣ የወሊዱ ውጤትም ያው ሆኖ ሳለ፣ በአንዳንዶቹ መስፈርቶች ግንኙነት ሲታይ በሌሎቹ አልታየም። ይህ ለአጥኚው ፈተና ነው፤ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ መስፈርቱን መምረጥ የሚችል ሰው፣ ሳያስበውም ቢሆን የሚፈልገውን ውጤት ሊመርጥ ይችላል። ስለዚህ መስፈርቱ መረጃው ከመታየቱ በፊት ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

አማካይ ወስዶ መስመር ከማስመር ማምለጥ አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። አማካይም የራሱን ነገር ይደብቃል። አንድ ሰው በ165 ቦታዎች 2 ሚሊሜትር፣ በሦስት ቦታዎች ደግሞ 8 ሚሊሜትር ኪስ አለው እንበል። ሌላው በ150 ቦታዎች 2፣ በ18 ቦታዎች 3 ሚሊሜትር አለው። የሁለቱም አማካይ 2.1 ነው። የመጀመሪያው ጥርሱን ለማዳን ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ከጤነኞች አይለይም። በሌላ በኩል 168ቱን ቦታ እንደ 168 የተለያዩ ታካሚዎች መቁጠርም ስሕተት ነው፤ በአንድ አፍ ውስጥ ያሉ ቦታዎች አንድ ምራቅ፣ አንድ የመከላከያ ሥርዓትና አንድ የማጽዳት ልማድ ይጋራሉ፤ ስለዚህ ስታቲስቲክሱ ይህን ዝምድና ማስላት አለበት።

የወለቁ ጥርሶች ደግሞ ጨርሶ ሌላ ወጥመድ ናቸው። በሽታው የከፋባቸው ጥርሶች ቀድመው ይወልቃሉ፤ ከወለቁ በኋላ አይለኩም። በ70 ዓመት ዕድሜ የሚለኩት ጥርሶች የተረፉት ናቸውና፣ አንድ አዛውንት በአፋቸው የቀሩት ስምንት ጥርሶች ጥሩ ልኬት ቢያሳዩ፣ መዝገቡ በሽታው ቀላል እንደሆነ ሊናገር ይችላል። ጥርስ ለምን እንደወለቀ መጠየቅ ይቻላል፤ ከ30 ዓመት በፊት የወለቀ ጥርስ በመቦርቦር ይሁን በመነቃነቅ ብዙ ሰው ግን በትክክል አያስታውስም።

የሕክምና ሙከራዎች ከስርጭት ጥናቶች የተለየ ጥያቄ ስላላቸው መስፈርታቸውም ይለያል። እነርሱ የሚፈልጉት ለውጥን ነው። አንድ ቦታ «ተባባሰ» ለማለት ብዙውን ጊዜ የ2 ወይም የ3 ሚሊሜትር ተጨማሪ የቁርኝት መጥፋት ይጠየቃል፤ ከዚያ ያነሰውን ከመርማሪው ስሕተት መለየት ስለሚያስቸግር ነው። ሌላው ችግር ወደ አማካይ መመለስ የሚባለው ነው። ለሙከራው 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ኪስ ያላቸው ቦታዎች ብቻ ከተመረጡ፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ የገቡት በዕለቱ ልኬት ተጋንኖ በመነበቡ ነው፤ ሁለተኛው ልኬት ያለ ምንም ሕክምና ዝቅ ይላል። ያልታከመ ወይም በተለመደው መንገድ የታከመ ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ሙከራ ይህን ቅናሽ ለመድኃኒቱ ይሰጠዋል። በቅርብ ዓመታት አጥኚዎች ከአማካይ ቅናሽ ይልቅ ለታካሚው ትርጉም ያለው ግብ መጠቀም ጀምረዋል፤ ለምሳሌ ኪሱ ወደ 4 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ወርዶ መድማቱ መቆሙን ይቆጥራሉ።

ሕክምናው የተሳካለት ሰው ራሱ ደግሞ መስፈርቶቹን እንደገና ያጋጫቸዋል። ኪሶቹ ተዘግተዋል፣ ድዱ አይደማም፣ በተወሰኑ ጥርሶቹ ላይ ግን 5 ሚሊሜትር ቁርኝት እንደጠፋ ነው። በ2017ቱ ስምምነት መሠረት ይህ ሰው የፔሪዮዶንታይተስ ታካሚ መሆኑ ዕድሜ ልኩን አይቀርም፤ ሁኔታው ተረጋግቷል ይባላል እንጂ ወደ ጤነኞች ዝርዝር አይመለስም፣ ምክንያቱም ካልታመመ ሰው ይልቅ በሽታው የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ዘንግ የሚለካው መርማሪ ግን ጥቁሩን ቀለበት ሙሉ በሙሉ ያየዋልና ኪስ የለውም ብሎ ይጽፋል። አሜሪካዊው የቅኝት መስፈርት 5 ሚሊሜትር የቁርኝት መጥፋቱን በሁለት ጥርሶች ጎን ካገኘ መካከለኛ ታማሚ ብሎ ይመዘግበዋል፤ በዚያ መዝገብ ላይ ከእርሱ ቀጥሎ የሚሰፍረው ሰው ያው መካከለኛ ታማሚ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ የዚያኛው ድድ አሁንም እየደማ፣ አጥንቱም አሁንም እየሸሸ መሆኑ ነው።